የሎሬታ ወንዝ እርማት

እንደምን ዋሉ እትዬ ዳርሊን? በጓሮ በር ነው የገባሁት፣ ይቅርታ። ጫማዬን እዚሁ ምንጣፉ ላይ ላውልቅ፣ ወጥ ቤትዎን እንዳላበላሽ። ኧረ አይነሡ፣ ዓሣው ያርርብዎታል። ዓርብ ዓርብ እኮ ገና ከዋናው መንገድ ስታጠፍ የእርስዎ ቤት ሽታ ነው የሚቀበለኝ። ሊጡን ዛሬም በቢራ ነው የለወሱት? ... እሱማ ያስታውቃል።

ከደጅ እስከ መንገዱ ያለውን በረዶ ማን ጠረገው? ... እርስዎ? በዚያ ወገብዎ? ... አይ፣ ምንም አላልኩም። ቤቱ ውስጥ ጉልበት ያለው ልጅ ያለዎት መስሎኝ ነው። ለነገሩ ሰው እንደየሙያው ነው። አንዱ በአካፋ በረዶ ይጠርጋል፣ አንዱ ደግሞ ምድር ቤት ቁጭ ብሎ በቀጭን ብዕር ተራራ ላይ በረዶ ያለብሳል። የትኛው እንደሚከብድ እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት በምን አውቃለሁ?

ወንበሩን ወደዚህ ልሳበው... እዚህ የማሞቂያው ቀዳዳ ጋ። እግሬ ቀዝቅዞ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለኝም። ልጆች ሆነን እዚህ ወለሉ ላይ በሆዳችን ተኝተን፣ በዚህ ብረት በኩል ምድር ቤት የሚወራውን ስንሰማ ትዝ ይልዎታል? ከታች የሚወራው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ የሚወራውም ይወርዳል... ዛሬም እንደዚያው ነው? ... ጥሩ። ሙቀቱን ነው ጥሩ ያልኩት።

ይሄ ጥቅል? ካርታው ነዋ። ማተሚያ ቤቱ ለእይታ የምትሆን አንድ ቅጂ አውጥቶ፣ "ትሮይ፣ አንተ መኪና አለህ፣ አምጣልኝ" ተባልኩ። ይህን አይቶ፣ ማተሚያ ቤቱ ሳይዘጋ ደውሎ "ይታተም" ማለት ብቻ ነው የቀረው። ነገ ጨዋታ መሸጫው ሱቅ ውስጥ ምረቃ ነው፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ሰው ያጨበጭብለታል። ወደ ታች ከማውረዴ በፊት እርስዎም ይዩት ብዬ ነው፤ ስንት ዓመት ዓሣና ድንች ያበሉበት ሥራ ነው። ያን ጥግ በጨው ዕቃው ይያዙልኝ። ይሄን እኔ በክርኔ እይዘዋለሁ። ይኸውልዎት፣ ካልድሪስ ደሴት።

ውበቷን አዩልኝ? እጁ ይባረክ ነው መቼም። እያንዳንዱ ተራራ ጥላ አለው። ነፋሱ ከምዕራብ እንደሚመጣ ቀስት ተሠርቶለታል። ዝናቡ የት እንደሚጥል፣ የት ሲደርስ እንደሚያልቅበት፣ ሜዳው ለምን እንደደረቀ፣ ሁሉም ተጠንቷል። ለሌለ አገር ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ። ይህን ያህል የአየር ጠባይ የሚያውቅ ሰው፣ ባለፈው ሰሞን እርስዎን ሐኪም ቤት ማድረስ ሲገባው "ዛሬ መንገዱ ያንሸራትታል" ብሎ ቢቀር አይፈረድበትም። ዐውቆ ነው። እኔ አላዋቂው ነኝ ዝም ብዬ የነዳሁት።

ስሙንስ የት እንዳሰፈረ አዩ? ... ትሑት ሰው አይደል፣ መሬት ላለመሻማት ብሎ ባሕሩ ላይ ጻፈው። ከዳር እስከ ዳር። በ"ነዳፊ" እና በስሙ መሃል ደግሞ አንዲት ጀልባ የምታሳልፍ ክፍተት ትቷል፣ እግዜር ይስጠው።

እርስዎ በጨዋታችን ሲስቁብን ነው የኖሩት። "ለሌለ ሰው ታለቅሳላችሁ፣ ለሌለ ከብት ትጣላላችሁ" ይሉን ነበር፣ ልክ ነዎት። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቻችን ዳይስ፣ ያቺን ቁጥር የተጻፈባትን ጠጠር፣ እየጣልን የሌለ ሰው ሆነን እንኖራለን፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን ደሴቷን አንድ ሰው ብቻውን ወልዷት ነው እንዴ? ሦስት ነበርን። ደቡቡ የኔ ነው፣ "ሰካራም ወደብ" ያልኳት እኔ ነኝ፣ ይኸው አሁንም ስሟ አለ። ምዕራቡ ላይ ያለችው "የብር ግንብ" ደግሞ የአንድ ሰው ናት። የማን እንደሆነች አልናገርም፤ ግንቧ ማማር አብዝቷል፣ እሱ ይበቃል። መሃሉን፣ ተራሮቹንና ወንዙን፣ ማርቪን ነው የሣለው። ነፍሱን ይማረውና።

ወንዟን የሣላት ዕለት እኮ ሐይቁ ላይ ነበርን፣ አባቱ ጋሽ ኸርብ በረዶው ላይ በተከሏት የዓሣ ማጥመጃ ዳስ ውስጥ። በበረዶው ቀዳዳ መንጠቆ ጥለን፣ ካርታውን ጉልበታችን ላይ ዘርግተን፣ ወንዙ ወደ ማን ይውረድ በሚል ሁለታችን ልንቧቀስ ደረስን። እኔ "ወንዝ የሌለው ወደብ ምን ወደብ ነው? ኩሬ ነው" እላለሁ። ያኛው ሰው... ያኛው ሰው እንበለው... "ግንብ ውሃ ከሌለው ጠላት የከበበው ዕለት አለቀለት" ይላል። ማርቪን ዝም ብሎ እርሳሱን ነጠቀን። ወንዟን መሃል ላይ ለሁለት ከፈላት። አንዷን እጅ ወደ ግንቡ፣ አንዷን እጅ ወደኔ ሰካራሞች። "ጠጡ እንግዲህ፣ ሁለታችሁም" አለ።

ያኛው ሰው አልዋጥልህ አለው። "ወንዝ ሲወርድ ይገናኛል እንጂ እንዲህ ተከፍሎ ሁለት ባሕር አይገባም፣ ሳይንሱ አይፈቅድም" አለ። ማርቪን ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ይቺኛዋ ስሟ ሎሬታ ነው። ሎሬታ ሰው ለይታ አታጠጣም።"

እናቱን ከቀበረ ዓመት አልሞላውም ነበር። እትዬ ሎሬታን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቋቸዋል፣ ምን አስረዳዎታለሁ። ሦስታችን ከትምህርት ቤት ስንመጣ አንዷን የፖም ኬክ እኩል ቆርጠው፣ የተጣላነውን ሁለታችንን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው የሚያበሉ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ያንን ነው የሣለው።

አሁን ጣትዎን ይስጡኝ እስቲ። ከተራራው ይጀምሩ... ይውረዱ... ይውረዱ። እዚህ ጋ ነበር የምትከፈለው። አልተከፈለችም አይደል? ቀጥ አለች። ወዴት ገባች? ... ግንቡ ሥር። ምን ያድርግ ታዲያ፣ ሳይንስ ነው የወሰነው። ሳይንስ ደግሞ አያዳላም። ውሃው በሙሉ ወደ አንድ ሰው ጓሮ መውረዱ የተፈጥሮ ሕግ ሆኖ ነው። የእኔዋ ወደብ ዙሪያ ያለው ነጠብጣብ ምን መሰለዎት? አሸዋ። በረሃ ላይ ያለ ወደብ። መርከበኞቼ ግመል መግዛት ነው የቀራቸው። ኧረ እኔ ስለ ራሴ አይደለም፣ የኔዎቹ እንኳ ድሮም ውሃ አይወዱም።

ብቻ እንዳይሳሳቱ፣ ስህተት የማይወድ ጠንቃቃ ሰው ነው። እዚህ ሰሜኑ ላይ ከተማ በሙሉ ደመና ላይ ተቀምጧል፤ እሱ ደህና ነው። እዚህ የበጎች ሸንጎ አለ፣ በግ በበግ ላይ የምትፈርድበት፤ ደህና ነው። እዚህ ዘንዶ እሳተ ገሞራ ውስጥ እንቁላሏን ታቅፋለች፤ ምን ችግር አለው? ሳይንሱ በዚህ ሁሉ አልተቀየመም። የማርቪን ወንዝ ብቻ ናት እንቅልፍ የነሣችው። ሰው መቼም የሚቆረቁረውን ራሱ ነው የሚያውቀው።

ስሟን ደግሞ እስቲ ያንብቡልኝ፣ እኔ ፊደል አልገፋሁም። ኤል... ቫኤ... ራኤን። መሃል ላይ ይቺ ጭረት ምንድን ናት? እዚያ ጋ ሲደርሱ ማስነጠስ ነው መሰለኝ። ጠዋት ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ደወልኩለት፣ አልዋሽዎትም። "ሎሬታ የት ሄደች?" አልኩ። "ትሮይ፣ የዓለሙ ስሞች አንድ ዓይነት ቃና ሊኖራቸው ይገባል። ሎሬታ የጸጉር ቤት ስም ነው የሚመስለው፣ የገዛው ሰው ይስቃል" ተባልኩ። እውነቱን እኮ ነው። የማያውቁት ሰዎች ከሚስቁ የሚያውቁት ሰዎች ቢያዝኑ ይሻላል። "ማርቪንስ ምን ይል ነበር?" አልኩ። "ማርቪን ቢኖር ይገባው ነበር" አለ። ይመቸው። ከሞተ ሰው ጋር እንደመሥራት የሚቀል ነገር የለም፤ ሐሳብ አያበዛም፣ አያኮርፍም፣ ያሉትን ሁሉ ይስማማል።

ማርቪንን ያገኙታል? ... መነጽርዎን ያድርጉ። ባሕሩ ላይ አይፈልጉ፣ ባሕሩ ተይዟል። እዚህ ሰሜንን ከሚያመለክተው ቀስት ሥር፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ "ለወዳጆቼ ሁሉ ምስጋና"። ይኸው ነው። ማርቪንም ወዳጅ ነው፣ የቤታችሁ ውሻም ወዳጅ ነው፣ ሁላችንም አለንበት። ማንም አልተረሳም።

እኔን ያሳሰበኝ ጋሽ ኸርብ ናቸው። ነገ ሊመጡ ነው። በጨዋታችን አንድም ነገር አይገባቸውም፣ ዳይሱን አንዴ ከረሜላ መስሏቸው አፋቸው ከተዋል። ትናንት ነዳጅ ማደያው ጋ አገኘኋቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ኮታቸውን አስጥበው፣ መኪናቸው ውስጥ ሰቅለውታል። "ትሮይ፣ የሎሬታ ወንዝ ልትታተም ነው አሉ፣ የልጄም ስም አለበት አሉ" አሉኝ። "ማን አለዎት?" ብላቸው "ራሱ የዳርሊን ልጅ ነዋ። በማርቪን ቀብር ዕለት እጄን ይዞ ቃል ገባልኝ፣ ያን ጊዜ እንኳ በልቅሶ ያለው መስሎኝ ነበር" አሉ። አዩ፣ ቃሉን የማይረሳ ሰው ነው። መቼ እንደሚፈጽመው ብቻ ነው ያልተናገረው።

ነገ እንግዲህ እኒያ ሰውዬ ያን ወፍራም ጣታቸውን ልክ እንደ እርስዎ ከተራራው ያስነሣሉ። ሚስታቸውን ሲፈልጉ። ልጃቸውን ሲፈልጉ። ጣቱ የት የሚቆም ይመስልዎታል? ... ግድ የለም፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ የወንዝ ሳይንስ ያስረዳቸዋል። ኬኩም ይኖራል።

ማስተካከሉ ደግሞ ምን ይከብዳል? የማርቪን የእርሳስ ካርታ እዚያው ምድር ቤት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ቀና ማለት ብቻ ነው። አንዲት መስመር። አንድ የሴት ስም። አንድ የወንድ ስም። ማተሚያ ቤቱ እንደሆነ ገና አልተዘጋም፣ አስተካክዬ እልካለሁ ቢሏቸው በአንድ ሲኒ ሻይ ጊዜ ያልቃል... ለማን ነው የምነግረው? ለእርስዎ ነዋ። ወደ ወለሉ ጎንበስ ያልኩት ካልሲዬን ልስብ ብዬ ነው።

ሰሙ? ወንበር ተንቋቋ። ... ተነሣ። ወደ ግድግዳው እየሄደ ይሆናል። እኔ እኮ ሁልጊዜ ልቡ ደግ ነው እላለሁ፣ ልቡን ማግኘቱ ነው እንጂ የሚያስቸግረው። እስቲ እሳቱን ቀነስ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ዘይቱ እየጮኸ... እሺ። ስልክ ነው። ከማተሚያ ቤቱ ጋር ነው... "አዎ... አዎ፣ ደርሶኛል፣ አይቼዋለሁ..."

አይቼዋለሁ አለ። ወረቀቱ እኮ እኛ ጋ ነው፣ ክርኔ ሥር።

"... ምንም የሚነካ የለም። እንዳለ ይታተም።"

...

እንዳለ።

ኧረ ይቀመጡ፣ አይውረዱ። እርስዎ ምን አደረጉ? ይሄኛው አንድ ጎኑ አሯል፣ ለኔ ያድርጉት፣ እኔ ያረረ እወዳለሁ። አይ፣ ለመንገድ በወረቀት ይጠቅልሉልኝ፣ ከጋሽ ኸርብ ጋር እበላዋለሁ። ነገ ጠዋት ከምረቃው ቀድሜ ሐይቁ ላይ ልወስዳቸው ነው፣ ዓሣው ብቅ ብቅ እያለ ነው እላቸዋለሁ። ውሸት ነው። ምን ላድርግ፣ እኔም ቃል የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። ካርታውን እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ልተወው፣ ያየው ሰው ለምን ድጋሚ ይልፋ?

እንዲያው ግን በቅሬታ ወጣ እንዳይባል ልመርቀው። እርስዎም አሜን ይበሉልኝ፣ እናት አሜን ስትል ቶሎ ይደርሳል። ዕድሜ ይስጠው። እጁ አይዛል፣ ዓይኑ አይፍዘዝበት። ሥራው አገር ለአገር ይዙርለት። የማይቀረው ቀን ሲመጣ ደግሞ... ከብዙ ዘመን በኋላ ያድርገውና... መቃብሩ ላይ ቆሞ በእውነተኛ እንባ ለቤተሰቡ ቃል የሚገባ፣ ከዚያም ሥራውን ሁሉ ተቀምጦ አንድ በአንድ የሚያርምለት፣ ለሰው የማይጥመውን የሚያወጣለት፣ የሚወደውን ሰው ስም እንኳ ሳይቀር የሚያሳምርለት፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ታማኝ ጓደኛ እግዜር አያሳጣው።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ ዳርሊን።