የእመት ሽታዬ ቤት ለምን ጮኸ?

በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ ጎበዙ ሁሉ ጫካ በገባበት ዘመን፣ ወደ ደብረ ኤልያስ ስጓዝ ዝናብ ያዘኝና መንገድ ዳር ካለች ሣር ቤት ተጠለልኩ። የቤቲቱ ባለቤት እመት ሽታዬ ይባላሉ። ማን እንደ ሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ ጋቢ አለበሱኝ። እኔ ደግሞ ቤት ሠሪ ከነበረው አባቴ ጥቂት፣ ከተማሪ ቤት ጥቂት ይዤ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ጎረምሳ ነበርኩ።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው ጠቅ፣ ጠቅ አለ። እመት ሽታዬ ብድግ ብለው አማተቡ።

«ሰማህ ልጄ? ቤቱ ጮኸ። እንዳላማው አንድ ነገር ሆኗል።»

«እንዳላማው ማን ነው?»

«አንድ ልጄ ነው። ከአርበኞቹ ጋር ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። አባቱ የሞተ ሰሞንም ቤቱ እንዲሁ ጮኾ ነበር።»

ሳቅ አመለጠኝ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

«እመት ሽታዬ፣ ይህ እኮ የእንጨት ድምፅ ነው። ማገሩና ወራጁ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ፀሐይ ሲመታው ይኮማተራል፣ ያን ጊዜ ይንጣጣል። የሰው ነፍስ ምን አገባው?»

«አንተ፣ ልጅ ጫካ ልከህ ታውቃለህ?» አሉኝ ረጋ ብለው።

አፍሬ ዓይኔን ወደ ጣሪያው ባነሣ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ይህኛው አይንጣጣም፤ ከመካከለኛው ምሰሶ እየተጎተተ የሚወጣ ረጅም ሲቃ ነው። ነፋስም አልነበረም። ብጠጋ ከምሰሶው ሥር እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ተከምሯል፤ ከበሩ በላይ ያለው ምርጊትም ተሰንጥቋል።

«ይህስ ድምፅ ምንድን ነው?»

«እሱማ የቆየ ነው፣ ለምጄዋለሁ። በሩም ከፋሲካ ወዲህ አልገጥም ብሎኛል» አሉ እንደ ቀላል ነገር።

እንግዲህ ጉዱ ይህ ነበር። ሴትዮዋ የማያስፈራውን ይፈራሉ፤ ከሚያስፈራው ሥር ይተኛሉ።

«እመት ሽታዬ፣ ይህ ምሰሶ ክረምቱ ሳይበረታ ይለወጥ። ክዳኑ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ እንጨቱ አይችለውም።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «በአባቴ ቤት ምሰሶ የሚነቀለው የቤቱ ጌታ ሲቀበር ነው። አሁን የቤቱ ጌታ ልጄ ነው፤ እሱ በሕይወት ሳለ እኔ እናቱ ልንቀለው? ሞቷል ብዬ ላውጅ? ቢወድቅብኝ ይውደቅብኝ!»

ያን ጊዜ ነው ድንቁርና ያልኩት ነገር ፍቅር መሆኑ የገባኝ፤ ፍቅርን ደግሞ በክርክር ማሸነፍ አይቻልም። ዓይኔ ጥግ ላይ ካለው ገንቦ አረፈ።

«ይህን ገንቦ ከገበያ ሲገዙ እንዴት አድርገው መረጡት?»

«በጣቴ መትቼ ነዋ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ይህን የማታውቅ ሴት አለች?»

«ሻጯ ‹ግድ የለም፣ ደህና ነው› ብትልዎስ?»

«የማምነው ጆሮዬን ነው።»

«እንግዲያው እኔንም አይመኑኝ። ምሰሶውን መትተው ይስሙት።»

ጥቂት ካመነቱ በኋላ ዘነዘናቸውን አነሡ። ከፍ አድርገው ቢመቱት ጠንካራ ድምፅ ሰጠ። ዝቅ አድርገው ቢመቱት ዱብ አለ፣ እንደ ባዶ ቅል። ከሥሩ ሲመቱት ግን ቅርፊቱ ተቀርፎ ምስጥ ፈሰሰ። እመት ሽታዬ ዘነዘናውን እንደ ያዙ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«የልጄን መኝታ ከዚሁ ሥር ነው ያነጠፍኩት፤ ሲመጣ ይተኛበታል ብዬ።»

«ይህን እንጨት የገደለው ምስጥ ነው፤ ከእንዳላማው ዕድሜ ጋር ምንም ጉዳይ የለው» አልኳቸው።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ይለወጥ። የልጄን የጠመንጃ መስቀያ ግን ከዚህ ነቅዬ አዲሱ ላይ እኔው እተክለዋለሁ።»

በማግሥቱ ደቦ ተጠራ። ጎበዝ ስላልነበረ ሽማግሎችና ሴቶች ተረባርበን ጣሪያውን በባላ ደገፍነው። የተተከለው ወይራ ነው። ምስጥ እንዳይደፍረው እግሩን በእሳት ለብልበን ዙሪያውን ጠጠር ሞላንበት። መስቀያውን እመት ሽታዬ በገዛ እጃቸው መቱት።

በመስቀል ሰሞን ስመለስ በሩ ያለ ችግር ተከፈተልኝ። እመት ሽታዬ እንደ ነገሩኝ፣ ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሦስት ቀን ሲወርድ ቤቱ ንቅንቅ አላለም፤ ጎረቤት ሳይቀር ተጠልሎበታል። እሳቸውም ዘነዘናቸውን ይዘው የመንደሩን ምሰሶ ሁሉ ሲያንኳኩ ከርመው ሁለት ቤት ከመውደቅ አድነዋል። ለሁሉም የሚነግሩት አንድ ነው፦ ከዝናብና ከፀሐይ ጋር መጥቶ የሚሄድ ጠቅታ ጉዳት የለውም፤ አየሩ ሳይለወጥ የሚያቃስት፣ ብናኝ የሚያፈስ፣ በር የሚያጣምም ምሰሶ ካለ ግን ከሥሩ አንድ ሌሊት እንኳ አይታደርም።

«እንዳላማውስ?» አልኳቸው ፈራ ተባ እያልኩ።

ፊታቸው በራ። «በጳጉሜን መጣልኝ! ጠመንጃውን ከመስቀያው ሰቅሎ ከምሰሶው ሥር ተኛ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው ጠቅ ቢል ዘሎ ተነሣና ጠመንጃውን አወረደ። ‹ማነው?› አለ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹ተኛ ልጄ› አልኩት። ‹ፀሐይ የመታው እንጨት ነው። የሚያስፈራው ድምፅ ሲመጣ እኔ አውቀዋለሁ፤ እቀሰቅስሃለሁ።›»