የአቶ ውድነህ ሁለት ፊርማዎች

ከክርያት አታ፣ ከክርያት ቢያሊክና ከሩቅም መጥታችሁ የሐዘናችን ተካፋይ የሆናችሁ ወገኖቻችን፣ አሁን የምትሰሙትን የአቶ ውድነህ ብሩን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጁት ቤተሰቦቻቸው ሲሆኑ፣ አንዱን ክፍል ግን ሳይነበብ እንዳይቀር አደራ ያሉት ራሳቸው ናቸው።

አቶ ውድነህ ከአባታቸው ከአቶ ብሩ ታከለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቄ አየልኝ በጎንደር፣ በወገራ አውራጃ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ቤተሰቡ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ለመውጣት በምስጢር ተነሣ፤ ጎረቤት እንዳይጠረጥርም ገበያ የሚሄዱ መስለው በጠራራ ፀሐይ ሲወጡ፣ ከብቶቹን በረት አስገብተው መቀርቀሪያውን እንዲዘጉ የታዘዙት እርሳቸው ነበሩ። ወንዙን እስኪሻገሩ የከብቶቹ ጩኸት ይከተላቸው እንደነበረ፣ ማን ከፍቶ እንዳወጣቸው ግን ፈጽሞ እንዳላወቁ ይናገሩ ነበር።

እስራኤል ከገቡ በኋላ ኡልፓን በሚባለው የአዲስ ገቢዎች ቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ተምረው በክርያት አታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠሩ ሲሆን፣ በ1991 ወይዘሮ ማንአለብሽን አግብተው ኔታንና ዩቫልን አፍርተዋል። ለሠርግ ዘግይተው፣ ለለቅሶ ቀድመው የሚደርሱ፣ በዚህም የሚታሙ ሰው ነበሩ።

ፋብሪካው ሲዘጋ በሃይፋ ወደብ ተቀጠሩ፤ ሥራቸውም ከባሕር ማዶ ጥጃ ጭኖ የመጣ መርከብ ከተራገፈ በኋላ ወለል በወለል እየዞሩ፣ የቀረ እንስሳ አለመኖሩን አይተው መፈረም ነበር። ጥጃውን የሚያስመጣው ድርጅት ያንን ፊርማ ይዞ በሥጋው እሽግ ላይ «በርኅራኄ የተጓጓዘ» የሚል ምልክት ያትም ስለነበር፣ ወይዘሮ ማንአለብሽ እሽጉን ሲገዙ የባላቸው ስም የተጻፈበት ያህል ይኮሩበት ነበር።

በ2019 ክረምት አንድ ቀን በመርከብ ታችኛው ወለል ላይ ሳሉ የጥጃ ጩኸት ሰምተው ቆሙ። አብሯቸው የነበረው የሥራ ባልደረባቸው ፈረደ ግን ምንም አልሰማምና፣ «ጋሼ፣ ይሄ የወገራው በረት ነው እንጂ እዚህ ምን ከብት አለ? ቤሰደር፣ ሁሉም ደኅና ነው፣ ይፈርሙ» አላቸው። ያ ድምፅ በአውቶቡስም በምኩራብም ለሠላሳ አምስት ዓመት ሲመጣባቸው ኖሯልና፣ እርሳቸውም የልባቸው ጩኸት መስሏቸው ፈረሙ።

በአራተኛው ቀን፣ መርከቡ ገና ሳይነሣ፣ በዚያው ወለል የተዘጋ አንድ የብረት በር ሲከፈት ስምንት ጥጆች ሞተው ተገኙ፤ የበሩም የውስጥ ቀለም ተልሶ ተልሶ ብረቱ ወጥቶ ነበር። ፊርማቸው እንዲሰረዝ ወደ ድርጅቱ ሦስት ጊዜ ቢመላለሱም ፋይሉ ተዘግቷል ተባሉ፤ ምልክቱም ከእሽጉ ላይ አልተነሣም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥጋ አልቀመሱም።

የኩላሊት ሕመም ከጠናባቸው ወዲህ ድምፁን የሚሰሙት ብቻቸውን አልነበሩም። ወይዘሮ ማንአለብሽ ከአራተኛ ፎቅ ቤታቸው ግድግዳ ውስጥ ሰሙት፤ በዕድሜው በረት አይቶ የማያውቀው ዩቫልም ግድግዳውን ሲዳስስ ሞቆና ረጥቦ አገኘውና እጁን መልሶ ወሰደ። ያን ጊዜ አቶ ውድነህ ወረቀት አስመጥተው ቀጥሎ ያለውን አስጻፉ፤ በእጃቸውም ፈረሙበት፦ «መርከቡ ባዶ አልነበረም። ሰምቼ ፈርሜአለሁ።»

ትናንት ቀትር ላይ፣ መቀርቀሪያ እንደሚስብ ሰው እጃቸውን ወደ ጎን ጎትተው በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ድምፁ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት አልቆመም ነበር፤ ይህ ያስጻፉት ቃል ሳይነበብ የሚቆምም አልመሰለንም።

አቶ ውድነህ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማንአለብሽን፣ ልጆቻቸውን ኔታንና ዩቫልን፣ ወንድማቸውን አቶ ሻሎምን፣ እንዲሁም ዛሬ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ የሆነውን ባልንጀራቸውን ፈረደን ትተው ሄደዋል። ጩኸትን ሁሉ የሚሰማው የእስራኤል አምላክ የዕረፍቱን በር ይክፈትላቸው፤ ራሳቸው እንደለመኑትም፣ ከእርሳቸው በፊት ስምንቱ ጥጆች ይለፉ። አሜን።