የመስኮቱ ጠፍር

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የወጣነው መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ፣ የከሰል ምድጃ ልንገዛ ነበር፤ አዲሱን ምድጃ እንደ ሕፃን አቅፎ ታክሲ ገባ። እሱ ካረፈ በኋላ ብቻዬን መርካቶ ወርጄ ስመለስ፣ በለገሃሩ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ነጋዴ ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው የተጠቀለለ የቆዳ ጠፍር ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል።

«ጋሼ፣ በቅሎ ገዙ እንዴ?» አለች ነጋዴዋ።

«ለባቡር ነው።»

«ባቡር በጠፍር ይጎተታል?»

«የሚጎተተው መስኮቱ ነው፣ ልጄ። የድሮውን የእንጨት ፉርጎ እያደስን ነው። ጠፍሩን ስትስቢው መስኮቱ ይወጣል፣ ስትለቂው ይወርዳል።»

«ታዲያ ናይለን አይሻልም? እኔ ጋ ሞልቷል።»

«አይ ነጋዴ! ድሮ ሲሠራ ጠፍር ነበረው፤ አሁንም ጠፍር ይሆናል።»

«ባቡሩስ ይነሳል?»

«የእንፋሎቱ? ቅዳሜ እሳት አነደድንበት። ሲጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተቀበለው!»

ሾፌሩ ዞር ሳይል፣ «ጋሼ፣ እንጀራችንን ሊዘጉት ነው?» አለ።

«አትስጋ፤ እኛ እንዳንተ ሰው በሰው ላይ አንጭንም።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

«ነገ ተቆጣጣሪዎች ሊመረምሩት ይመጣሉ» አሉ ሽማግሌው። «ካለፈ እሑድ ሰው ይሳፈርበታል፤ አንድ መስኮት እንኳ ከወደቀ ግን አይሳፈርበትም፤ ቆሞ የሚታይ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።»

«ቢወድቅስ?»

«እኔ የገጠምኩት? እሑድ ነይና ራስሽ ሳቢው!»

አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ለገሃር ሄጄ ምርመራውን ባለፈው በዚያ ፉርጎ እሳፈራለሁ።