የጋሽ መዝገቡ አፍንጫና የሞቀው ገንዳ

ሐሙስ ጠዋት ከጦር ኃይሎች ወደ ቤቴል በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ጋሽ መዝገቡ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ወጣት ስለ አፍንጫቸው ያወሩ ነበር። ልጅቷ ካርቶን ጭኗ ላይ አቅፋ በትሕትና ታዳምጣቸዋለች።

«አሥራ ስምንት ዓመት የሆቴል ዋና ገንዳ ጠብቄያለሁ፣ ልጄ። ጠዋት አንድ ጣሳ ክሎሪን እጨምራለሁ፣ ከዚያ አሸታለሁ። ከሸተተ ንጹሕ ነው፣ አለቀ! አሁን ሥራ አስኪያጃችን ክሎሪን የሚለካ ማሽን ሊያስገባብኝ ነው። ማሽን አፍንጫ አለው?»

«አፍንጫስ የለውም» አለች ልጅቷ ካርቶኗን እያየች።

«ይኸው! አንቺ እንኳ ገባሽ። የሚተክለውን ሰው ዛሬ ባገኘው ልክ ልኩን እነግረው ነበር።»

ቤቴል አብረው ወረዱ፣ በአንድ መንገድ ሄዱ፣ አንዱ ሆቴል በር ላይ ሁለቱም ቆሙ። ጋሽ መዝገቡ ካርቶኑን ደህና አድርገው ያዩት ያን ጊዜ ነው።

«ናዝራዊት እባላለሁ፣ ጋሼ» አለች አንገቷን ደፋ አድርጋ። «ልክ ልኬን ይንገሩኝ፤ ብቻ መጀመሪያ ይህን ላስቀምጠው፣ ከብዶኛል።»

ጋሽ መዝገቡ ጨዋ ሰው ናቸውና ካርቶኑን ተቀበሏት። እንዲህ ሆኖ ጠላታቸውን፣ ያን ማሽን፣ በገዛ እጃቸው ተሸክመው አስገቡ።

ስለ እሳቸው እውነቱን መናገር ይገባል፤ ሰነፍ አልነበሩም። ነገር ግን ሆቴሉ ከሁለት ወር በፊት ጣሪያው ላይ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካስገባ ወዲህ ገንዳው የሰማዩን ጠባይ ይዟል። ሲደምን ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሞቃል። ጣሳው ግን ያው አንድ ጣሳ ነው። ባለፈው ወር ገንዳውን ለውሃ ጥምቀት የተከራየች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አሥራ ሁለት ሰዎች አጥምቃ ነበር። ሁሉም ዓይናቸው ፍም መስሎ ወጡ። ፓስተሩ በመንፈስ ተነክተው ያለቀሱ መስሎት «ሃሌ ሉያ!» አለ፤ ጉባኤውም አብሮ አለቀሰ። በማግስቱ ግማሾቹ ክሊኒክ ተሰለፉ።

በዚህ ቅዳሜ ደግሞ የሚጠመቁት የጋሽ መዝገቡ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋገነት ናቸው። ስድስት ዓመት ሲያመነቱ ኖረው በመጨረሻ ቆርጠዋል። ነገር ግን ትናንት ምሳ ላይ «መዝገቡ፣ እወድሃለሁ፤ አንተ የምታሸተው ውሃ ውስጥ ግን አልገባም። ሳንሱሲ ሰፈር ሌላ ገንዳ አለ አሉ» ብለዋቸዋል። ይህ ንግግር ጋሽ መዝገቡን እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

ናዝራዊት ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት ክርክሩን ራሷ ከፈተችው።

«ጋሼ፣ ወተት በብርድ ቀንና በሙቀት ቀን እኩል ይቆይልዎታል?»

«የት ይቆያል! በሙቀት ምሳ ሳይደርስ ይበላሻል።»

«ክሎሪንም ውሃው ሲሞቅ ቶሎ ያልቃል። ጀርም የሚራባው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጣሳ ብርድ ቀን ይበዛል፣ ሙቀት ቀን ያንሳል።»

«ሙቀት ቀን እኮ ነው ይበልጥ የሚሸተው!»

«ያ ሽታ የክሎሪኑ መብዛት አይደለም። ክሎሪኑ ከላብና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው። ዓይን የሚያቃጥለውም እሱ ነው።»

«እኔ በምጠብቀው ገንዳ ማንም አይሸናም!» ብለው ጮኹ ጋሽ መዝገቡ። ውሃው ውስጥ የነበሩ ሁለት ዋናተኞች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐዩ በርትቶ ገንዳው ሲሞቅ ለፈተና ተቀመጡ። ጋሽ መዝገቡ ተንበርክከው አሸተቱ።

«ሞልቷል! ለነገም ይተርፋል።»

ናዝራዊት ከገንዳው በትንሽ ብልቃጥ ቀድታ መመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ አደረገችበት። «ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል» አለች። ውሃው እንደነበረ ቀረ። ጋሽ መዝገቡ ብልቃጡን ነቀነቁት፣ ወደ ፀሐይ አነሡት፣ ቢቸግራቸው አሸተቱት። ሮዝ የሚባል ነገር የለም።

ብልቃጡን መለሱላት። ከዚያ «ታዲያ እኔ ለምን እፈለጋለሁ?» አሉ ቀስ ብለው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያስጮኻቸው የዋለው ይህ ፍርሃት ነበር።

«ማሽኑ ቱቦው ውስጥ ሆኖ ሙቀቱንና የቀረውን ክሎሪን ይለካል፤ ሲጎድል ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ሲበቃ ያቆማል። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም» አለች ናዝራዊት። «መለኪያው ሲቆሽሽ ደግሞ ይዋሻል። የሚያጥብለት፣ የክሎሪኑን በርሜል የሚሞላለት፣ ጠዋት ጠዋት በዚህ ብልቃጥ የሚፈትነው አለቃ ያስፈልገዋል።»

ጋሽ መዝገቡ ኮታቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ምክትሌ ነው በዪኛ!»

አርብ ገንዳው ተዘግቶ ማሽኑ ተተከለ። ጋሽ መዝገቡ መለኪያውን ማጠብ ተማሩ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አጠገቡ እንዲደርስ አልፈቀዱም።

ቅዳሜ ናዝራዊት ሥራዋን ለማየት መጣች። ጉባኤው ተሰብስቦ ፓስተሩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጋሽ መዝገቡ ቀደሙት።

«ወገኖቼ! ውሃ ሲሞቅ ክሎሪን ያልቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይተርፋል! ምክትሌ ግን እንደ ሙቀቱ ይመጥናል። ከእንግዲህ ዓይን አይቃጠልም፣ ቆዳ አይቆጣም፣ በሽታ ተሸክሞ የሚወጣ የለም፣ ክሎሪንም በከንቱ አይደፋም! እኔ በአፍንጫዬ ስታበይ ኖሬያለሁ፤ ይቅር በሉኝ!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው። ፓስተሩም ንስሐውን አልተቃወመም።

ወይዘሮ ሸዋገነት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሙ። «አንተ ነህ ያሸተትከው?» አሉ።

«እኔ አላሸተትኩም፣ ሸዋዬ። ሦስት ጊዜ በብልቃጥ ፈትኛለሁ።»

ገቡ። ፓስተሩ ውሃው ውስጥ አጥልቆ አወጣቸው። ወይዘሮ ሸዋገነት ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጥርት ባለ ዓይን ባላቸውን ፈልገው አዩአቸውና ፈገግ አሉ።

የጋሽ መዝገቡ ዓይን ግን ቀልቶ እንባው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር።

«ክሎሪኑ ነው» አሉ በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

ናዝራዊት የማሽኑን ቁጥር አየች። ልክ ነበር።

«እሱ ይሆናል፣ ጋሼ» አለች።