ኖር ብዬ ተበላሁ

ከሳን ሊያንድሮ ወደ ኦክላንድ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ከፊቴ ያለ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ለተቀመጡ እናት የካዚኖ ውሎውን ያወራል። የተዋወቁት እዚያው ወንበር ላይ ነው።

«ፖከር እኮ ቁማር አይደለም፣ እማማ። ጭንቅላት ነው።»

«ታዲያ ጭንቅላት ካለህ እንዴት ተበላህ?»

«ትልቅ ሰው አክብሬ!»

«እንዴት ሆኖ?»

«ሁለት አስ ይዣለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ የለም። አንድ የኛ ሰው፣ ከዘራ የያዙ አባት፣ ወደ ጠረጴዛችን መጡ። ‹ኖር› ብዬ ብድግ አልኩና በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው።»

«ጎሽ! አስተዳደግ ማለት ይሄ ነው።»

«ምን ጎሽ አለው! እጄን ከካርታዬ ላይ ሳነሳ ካርታ አዳይዋ ዲለር ፎልድ ያደረግኩ፣ ጨዋታውን ጥዬ የወጣሁ መሰላት። ካርታዬን ጠራርጋ ወሰደችው፤ ያስያዝኩት ገንዘብም አብሮ ሄደ።»

«ምነው ታዲያ፣ አታስረዳትም?»

«ምን ብዬ? እስቲ እርስዎ ‹ኖር›ን በእንግሊዝኛ ይንገሩኝ!»

«እሱስ ልክ ነህ። ሰውዬውስ ምን አሉ?»

«‹ተባረክ ልጄ› ብለው ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ።»

«ወይ ጉድ! አንተስ?»

«እኔማ ቆሜ ሲያሸንፉ አየሁ።»

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ አንድ ባለከዘራ አዛውንት ሲሳፈሩ፣ ቦርሳዬን በአንድ እጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤ ተነሳሁላቸው።