የሮቃው ጥላ

ድሬዳዋ፣ ከቀትር በኋላ፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ የልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሙክታር የመብራት ሠራተኞቹን መኪና ከኋላው አቁሞ፣ ብቻዋን የምትኖረውን ጎረቤቱን እትዬ አበዛሽን ደጃፏ ላይ ይለምናል።

አበዛሽ፦ አልኩህ እኮ! መጋዝ ይዘው ጓሮዬ አይገቡም።

ሙክታር፦ አቦ እትዬ አበዛሽ፣ አንድ ዛፍ ነው! አዲሱ ትራንስፎርመር እዚያ ጥግ ነው የሚተከለው። ሮቃው ካልተቆረጠ ሽቦው አያልፍም።

አበዛሽ፦ አንድ ዛፍ? ስንት ነበሩና አንድ ቀረ?

ሙክታር፦ ጀመርሽ ደግሞ።

አበዛሽ፦ ያኔ ይህ መንገድ ሁለት አህያ ጎን ለጎን አያሳልፍም ነበር። የኔ ግድግዳ ለናንተ ጥላ፣ የናንተ ግድግዳ ለኔ ጥላ። በጠራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፀሐይ ሳይነካህ ትሄድ ነበር። ቬንትሌተር ማን ነበረው?

ሙክታር፦ የነአብዲ ቤት ሲቃጠልስ? የእሳት አደጋ መኪናው መግቢያ አጥቶ አስፋልቱ ላይ ቆሞ አልቀረም? እኛ ባልዲ ስንቀባበል ቤቱ አመድ ሆነ። መንገዱን ያሰፋሁት ለራሴ ብዬ ነው?

አበዛሽ፦ እሱስ አይደለም። ያን ቀን እኔም አልቅሻለሁ። ግን መንገድ ማስፋት ሌላ፣ ዛፍ መጨረስ ሌላ። አጥሩን ወደ ውስጥ ሳብን፣ ዛፉን ሁሉ ጣልን፣ ወፍራሙን የጭቃ ግድግዳ አፍርሰን ብሎኬት ደረደርን። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አሉ፤ እኛም መንገዱን አይተን ፀሐዩን ሳናይ!

ሙክታር፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያኔ የት ነበርሽ?

አበዛሽ፦ ያኔም ጮኼ ነበር፤ የስብሰባው ጭብጨባ ዋጠው እንጂ።

ሙክታር፦ ፀሐዩን እኔ አላመጣሁት።

አበዛሽ፦ በር ከፍተህ አስገባኸው እንጂ። ይኸው ሁሉም ቬንትሌተር ገዛ። በቬንትሌተር አልበርድ ሲለው፣ ገንዘብ ያለው ኤሲ ሰቀለ። ያ አሮጌ ትራንስፎርመር ምን ያድርግ? ለአምፖልና ለሬዲዮ የመጣ ነው፤ ወገቡ ተሰበረ።

ሙክታር፦ እሺ፣ አጥፍተናል እንበል። ዛሬስ ምን ይሁን? የሰልሃዲን ሚስት አራስ ናት፤ ሙቀቱ የልጁን ገላ ሽፍ አድርጎታል። አንቺስ? የስኳር መርፌሽ ፍሪጅ አይፈልግም?

አበዛሽ፦ ይፈልጋል።

ሙክታር፦ የት ነው ያለው ታዲያ?

አበዛሽ፦ ከሮቃው ሥር፣ እንስራ ውስጥ። እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬዋለሁ።

ሙክታር፦ በእንስራ! ተበላሽቶ ባይሠራልሽስ? የሚቀብርሽ እኔ ነኝ እኮ!

አበዛሽ፦ እኔስ የማላውቅ መሰለህ? ሁልጊዜ ይሥራ አይሥራ እያልኩ ነው የምወጋው።

ሙክታር፦ እንግዲያ እሺ በዪኛ! ዛሬ ካልተተከለ መኪናው ሌላ ሰፈር ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ እነሱም አያውቁም። እኔ ራሴ ችግኝ ተክዬ ውሃ አጠጣልሻለሁ፣ ወላሂ።

አበዛሽ፦ ችግኝህ ጥላ እስኪጥል እኔ አፈር ሆኛለሁ። ደግሞ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሰፈሩ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ አዲሱስ እስከ መቼ ይሸከምልሃል?

ሙክታር፦ ታዲያ ለአንድ ዛፍ ብዬ ሰፈሩን በጨለማ ላስቀር? አበዛሽ ለጥላዋ ስትል አራስ አስጨነቀች ይሉሻል!

አበዛሽ፦ ለጥላዋ? ጥላው የኔ ብቻ መሰለህ?

ሙክታር፦ የማን ነው ታዲያ?

አበዛሽ፦ አንተ ሱቅህ ስትሄድ እናትህ የት እንደምትውል ታውቃለህ?

ሙክታር፦ ቤቷ ነዋ! ሰፊ ክፍል ሠርቼላታለሁ፤ በመስኮቱ መንገዱ ሁሉ ይታያታል።

አበዛሽ፦ ያ መስኮት ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። በዚህ ሰዓት ክፍሉ እሳት ነው። በኋላ በር እየመጣች እኔ ጋ ትጋደማለች።

ሙክታር፦ እናቴ? ለኔ ምንም አላለችኝም።

አበዛሽ፦ «ልጄ ለፍቶ ነው የሠራልኝ፤ ሞቀኝ ብዬ እንዴት ላስከፋው» ብላ አስምላኛለች። ባለፈው እዚያ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ አግኝቻት፣ ውሃ ረጭቼባት ነው የነቃችው። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።

ሙክታር፦ አሁንም… ጓሮ ናት?

አበዛሽ፦ ገና አሁን ማሸለቧ ነው። ትቀሰቅሳታለህ ወይስ ልቀስቅሳት?

ሙክታር፦ ተያት። ተያት ትተኛ።

አበዛሽ፦ አራሷስ? ሰዎቹስ ተመልሰው ሊሄዱ ነው?

ሙክታር፦ አይሄዱም። ሽቦው በኔም ግቢ በኩል ማለፍ ይችላል ብለውኝ ነበር፤ ለአዲሱ አጥሬ ሳስቼ ነው እምቢ ያልኩት። ስሙ ወንድሞች፣ መጋዙን መልሱት! መኪናውን ወደኔ በር አዙሩና ዲጅኖ ስጡኝ፤ አጥሩን ራሴ አፈርሰዋለሁ።