እትዬ ዓለምሸት እና ያልተለየው ተክል

እትዬ ዓለምሸት እዚህ ሬክስዴል፣ አንድም መስኮት የሌለው ህንፃ ውስጥ ሥራ የጀመሩ ዕለት የፀሐይ ባርኔጣ አድርገው ነው የመጡት።

ዊንተር ነው፣ ውጭ በረዶ ይጥላል። ሥራ ያገኘላቸው ኤጀንሲ «ግሪንሃውስ ነው፣ አትክልት ነው» ብሎ ልኳቸዋል። ባርኔጣ፣ የዝናብ ቦት፣ በፌስታል ደግሞ የአትክልት ጓንት። በር የከፈትኩላቸው እኔ ነበርኩ። ገና ሲገቡ አሸተቱና፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት የሞተ ነገር አለ» አሉኝ።

«የለም እትዬ፣ ተክሉ ነው የሚሸተው።»

«ምን ዓይነት ተክል ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ካናቢስ።»

«ሀሺሹ?»

«አዎ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። «ፖሊስ ያውቃል?»

«ያውቃል። ሕጋዊ ነው። መንግሥት ፈቃድ ሰጥቶ ታክስ ይሰበስብበታል።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲህ መንግሥት ከገባበት እኔ ምን አገባኝ» ብለው ጋወን ጠየቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዛሬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዚህ ቤት አልጠፉም።

ለማታውቁኝ፣ ሸምሰዲን እባላለሁ፤ ከእትዬ ጋር አንድ ክፍል ነው የምሠራው። ይህን የስንብት ንግግር የክፍላችን ልጅ ፋሩቅ እንዲያደርገው ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ፋሩቅ ግን ይኸው፣ ገና ሳይጀመር ዓይኑ ቀልቷል። ደረቅ ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። እትዬ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ያዳምጡ። ዛሬ መልስ መስጠት የለም።

ዛሬ የማኅበር እህቶቻቸውም ከዳንፎርዝ ድረስ መጥተዋል። እንኳን ደህና መጣችሁ። እናንተ ለብዙ ዓመት እትዬ የሚሠሩት ቲማቲም ቤት ነው ተብላችሁ ነው የኖራችሁት። እኛም እናውቃለን፤ ምክንያቱም ማኅበር በደረሰ ቁጥር እዚህ ምሳ ክፍል ቁጭ ብለው ከሱቅ የገዙትን ቲማቲም አገሩ የተጻፈበትን ስቲከር በጥፍራቸው ሲልጡ እናያቸው ነበር። አንዴ አንዷ ስቲከር አመለጠቻቸው። ወይዘሮ ብርቅዬ፣ እርስዎ ነዎት ያገኟት አይደል? «ዓለምሸት፣ እናንተ ጋ የሚበቅለው የሜክሲኮ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። እትዬም ዓይናቸውን ሳያሹ «ዘሩ ነው የሜክሲኮ» አሉ። ይህን በማግስቱ ራሳቸው ናቸው የነገሩን፣ እንደ ጀብዱ። ዛሬ ሁላችሁንም የጠሯችሁ እሳቸው ናቸው፤ የት እንደሚሠሩም በስልክ ነግረዋችኋል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቲማቲም እኛ ነን ያመጣነው። ስቲከሩ አልተላጠም።

ለእንግዶቹ ሥራውን ባጭሩ ላስረዳ። ከእናት ተክል ተቆርጦ የሚተከለው ፆታው የታወቀ ነው። የእኛ ክፍል ግን ከዘር የበቀለውን ነው የሚይዘው። ከዘር የበቀለ ወንዴ ይሁን ሴቴ ዘሩን አይቶ የሚያውቅ የለም። ትንሽ ከፍ ሲል፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ብብት ላይ ምልክት ያወጣል። ሴቴዋ ሁለት ነጭ ፀጉር ታወጣለች። ወንዴው የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ድቡልቡል ከረጢት። አጠገባቸው ደግሞ ሹል የሆነች ቅጠል ነገር አለች፤ ሥራዋ ጀማሪ ማሳሳት ነው። ገበያ የሚፈልገው የሴቴዋን አበባ ነው፣ ያለ ዘር። አንድ ወንዴ አምልጦ ከረጢቱን ከከፈተ ዱቄቱ ይበናል፣ ክፍሉ በሙሉ ያረግዛል፣ አበባው ሁሉ ዘር በዘር ይሆናል። የዚያን ጊዜ ሁሉም ወደ ቆሻሻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ማጉያ ይዞ በየተክሉ ብብት እያየ ይውላል። ያ ሰው እትዬ ዓለምሸት ናቸው።

ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ ለኛ ሳይሆን ለተክሎቹ። ረድፉን እየተከተሉ «እንዴት አደራችሁ» ይላሉ። ቤዚ፣ ሱፐርቫይዘራችን፣ አንድ ቀን «እትዬ፣ ደይ ካንት ሂር ዩ፣ አይሰሙም እኮ» ስትላቸው «አንቺስ መቼ ትሰሚኛለሽ፣ እነሱ ቢያንስ አይመልሱልኝም» አሏት። ከዚያ መነጽር ፍለጋ ነው። አንዱ አፍንጫቸው ላይ፣ ሌላው ግንባራቸው ላይ፣ ሦስተኛውን ይፈልጋሉ። ወንዴ ሲገኝ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። ራሳቸው ፕላስቲክ አልብሰው፣ ቀስ ብለው፣ «አዬ ልጄ፣ ዕድልህ ነው» እያሉ ይዘውት ይወጣሉ። ያን ጊዜ በመንገዳቸው ላይ መቆም ነውር ነው። ፋሩቅ አንዴ በዚያ መሃል ስልክ አነሳና እስከ ምሳ ድረስ አላናገሩትም።

አንድ ሕግ ግን አላቸው፤ እሱ የካምፓኒው አይደለም፣ የራሳቸው ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይቶ አይፈርድም። ሁለት ሰው ለየብቻው ያያል፣ አይነጋገርም። «ምን አዩ?» ብላቸው «ያየሁትን አልነግርህም። ያየኸውን ንገረኝ» ነው መልሳቸው። ሁለታችንም ከተናገርን በኋላ ወንዴ ነው ሴቴ ነው የሚለውን የመጨረሻ ቃል እሳቸው ይሰጡ ነበር። ገና ያልለየለት ከሆነ «ይቆይ» ይሉ ነበር። እኔ ስቸኩል «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሉኛል። ለምን ሁለት ሰው ብዬ ስጠይቃቸው ደግሞ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» አሉኝ። ተረት የማይመዙበት ቀን ቢኖር የታመሙ ቀን ነው።

እስካሁን የሳቃችሁት ይበቃል። አሁን እሳቸው እንዳላወራው የለመኑኝን ነገር ነው የማወራው። እትዬ፣ ይቅርታ።

ያለፈው ዊንተር ያ ትልቅ በረዶ የጣለ ዕለት ባስ ቆመ፣ መንገድ ተዘጋ፣ አብዛኞቻችን ሳንመጣ ቀረን። እትዬ በእግራቸው መጡ። ፋሩቅም መጣ፤ ገና አዲስ ነበር፣ የሙከራ ጊዜውን እንኳ አልጨረሰም። እሱን ግን ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት። የዘሩ ክፍል መታየት ነበረበት፤ እትዬ ብቻቸውን አዩት። ሁለተኛ ዓይን አልነበረም። በጀርባው ረድፍ፣ ጥግ ላይ፣ ከታች ያለ ቅርንጫፍ አንዲት ከረጢት ደብቆ ነበር። አለፈቻቸው።

ከሳምንታት በኋላ አበባውን ስንፈለፍል ዘር አገኘን። ሌላውን ስንፈለፍል ዘር። ክፍሉ በሙሉ። ይኸው እዚህ ምሳ ክፍል ስብሰባ ተጠራ፤ ከላይ ያሉት አለቆች መጡ። «የበረዶው ቀን እዚያ ክፍል ማን ነበር?» ተባለ። እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ዓይን ሁሉ ወደ አዲሱ ሰው ነው የሚሄደው። የኔም ዓይን ሄዷል፣ አልዋሽም። ፋሩቅ ጫማውን ያያል። ያን ቀን እዚያ ክፍል አልነበርኩም ብሎ እንኳ ለመናገር እንግሊዝኛው ጠፍቶበታል።

እትዬ ተነሱ። በአማርኛ ነው የተናገሩት። «ልጁን አትዩት። እሱ እዚያ አልነበረም። የኔ ዓይን ነው። ብቻዬን ማየት አልነበረብኝም፣ አየሁ፣ አለፈኝ» አሉ። ቤዚ ለአለቆቹ ተረጎመችው። እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ቆመው ጠበቁ። በረዶው ነው አላሉም፣ ሰው ስላልመጣ ነው አላሉም። እኛ ነን ያልመጣነው፤ ያንንም አላነሱትም።

አለቆቹ አላባረሯቸውም፤ ደህና ሰዎች ናቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ከአንድ ነገር አባረሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጨረሻውን ቃል ሰጥተው አያውቁም። ያያሉ፣ ወደ ኋላ ይላሉ፣ «እናንተ በሉ» ይላሉ። እኔ ስጠይቃቸው «ዓይኔ ከዳኝ» አሉኝ። ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድናቸው። ሐኪሙ ዓይንዎ ደህና ነው አላቸው። «እሱ ምን ያውቃል» አሉ።

እትዬ፣ ዛሬ እንዲህ ብለው እንዲሄዱ አልፈልግም። ይኼን ነው ልነግርዎት የቆምኩት። እርስዎ ያንን ክፍል ያበላሸች ሴትዮ ነኝ ብለው ይሆናል የሚወጡት። እኛ እንደዚያ አይደለም የምናውቅዎት። እኔ እዚህ አገር ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ መጋዘን፣ ታክሲ፣ ኤርፖርት። ስህተት ሲመጣ ተነስቶ «የኔ ነው» የሚል ሰው ያየሁት እዚህ ነው። ፋሩቅ ሥራው ላይ የቆየው፣ ሚስቱን ስፖንሰር አድርጎ ያመጣው፣ ዛሬም እዚህ ተቀምጦ የሚያለቅሰው በዚያች ደቂቃ ምክንያት ነው። እኛ ሁላችንም ከዚያ በኋላ ተሳስተናል፤ ተሳስቼያለሁ ማለትን ከእርስዎ ስለተማርን ብዙም አልከበደንም። እናመሰግናለን። ከልባችን ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የዚያን ክፍል አበባ ሁሉ አጠፋነው። ዋናው አብቃያችን ግን ከዘሩ እፍኝ ያህል፣ በደንቡ መሠረት፣ ለሙከራ ብሎ አስቀምጦ ነበር። ዘንድሮ ተከልነው። እትዬ ያውቃሉ፤ ውሃ ሲያጠጡት ከርመዋል። ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ጤነኛ፣ እስከዛሬ ከያዝነው ሁሉ የተሻለ ነው፤ አብቃዩም ዘሩን ሊያቆየው ነው። ያ የእርስዎ ስህተት እንግዲህ አድጎ በሰልፍ ቆሞልዎታል።

ከነሱ ሁሉም ተለይተዋል፣ ከአንዱ በቀር። በጀርባው ረድፍ፣ እዚያው ጥግ ላይ ነው። እኔ አይቼዋለሁ። ፋሩቅም አይቶታል። ለየብቻችን ነው ያየነው፣ አልተነጋገርንም። ጠዋት ቤዚ የመጨረሻውን ቃል ይስጡን ብትላቸው «ዛሬ እኔ እንግዳ ነኝ» ብለው አመለጧት። እርግጥ ሳምንት ብንጠብቅ ተክሉ ራሱ ይናገራል። ቅጠሉን ወደ ላቦራቶሪ ብንልከውም ይታወቃል። እኛ ግን ከላቦራቶሪ መስማት አልፈለግንም።

በሉ እንግዲህ፣ ብርጭቆ አንሱ። ወይን የያዛችሁ በወይን፣ እኔና ፋሩቅ በማንጎ ጁስ። እትዬ ዓለምሸት፣ ጡረታዎ የእንቅልፍ ይሁንልዎ። በረዶ ሲጥል በመስኮት የሚያዩት እንጂ የሚሄዱበት አይሁን። ልጆችዎ ይደውሉልዎ፣ ሳይፈልጉ አይምጡብዎ። ጉልበትዎን ይማርልዎ፣ ሦስተኛው መነጽር ይገኝልዎ፣ ማኅበሩም ከእንግዲህ እውነተኛ ቲማቲም ይብላ። ለጤናዎ።

ጠጡ፣ ጠጡ። አሁን ብርጭቆውን ያስቀምጡልኝ። የመግቢያ ባጅዎ እስከ ዛሬ ሺፍት መጨረሻ ይሠራል፤ ቤዚን ጠይቄያለሁ። ጋወንዎ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፣ ማጉያው ኪሱ ውስጥ ነው። ኬኩ አይሄድም፣ እንግዶቹም ይጠብቃሉ። ያየነውን አንነግርዎትም፤ ያዩትን ይነግሩናል።

ፋሩቅ፣ ዓይንህን ጥረግና በሩን ክፈትላቸው።